ለጎሚስታው አባቴ

አራት ኪሎ፣ ኅዳር 16 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይበረታብዎ ጋቢውን ደርበው ይቀመጡ። እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ያለፈው እሑድ በስልክ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው የምትውይው?» ብለው ጠየቁኝ። ጆሮዎ ስለደከመ ብጮህም አልሰማ አለዎት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከፋኝ። ስለዚህ ጻፍኩልዎ፣ እትዬ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

እኔ የምሠራው፣ አባባ፣ የእርስዎን ሥራ ነው። ጋዝ የተሞላ ዕቃ ማፍሰስ አለማፍሰሱን እያየሁ ነው የምውለው።

ዕቃው ዲቴክተር ይባላል፤ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን የሚቆጥር መሣሪያ ነው። ክንድ የሚያህል የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፤ በመሐሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርቅ የተቀባ የተንግስተን ሽቦ ተወጥሯል። ውፍረቱ የሚሊሜትር 50ኛ ብቻ ነው፣ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ቱቦውን በአርጎንና በጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንሞላዋለን፤ ብየዳ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ድብልቅ ነው። ሽቦው ላይ ከሺህ ቮልት በላይ እንለቅበታለን። ከአቶም እምብርት የወጣች ቅንጣት በቱቦው ስታልፍ በዓይን አትታይም፤ ግን በመንገዷ ካሉት የአርጎን አቶሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀች ትሄዳለች። የተነጠቁት ወደ ሽቦው ይሮጣሉ፤ አጠገቡ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይበረታና እነሱም ከሌሎች አቶሞች ይነጥቃሉ፣ አዲሶቹም እንዲሁ። ለመፈተሻ ከምንጠቀምበት የጨረር ምንጭ የምትወጣ አንዲት ኤክስሬይ 200 ያህል ኤሌክትሮን ብቻ ነው የምታስነሣው፤ ሽቦው ጋ ሲደርሱ ግን በብዙ ሺህ እጥፍ ተባዝተው መሣሪያ የሚቆጥረው ምት ይሆናሉ።

ራዘርፎርድና ጋይገር የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1908 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ማንቸስተር ላይ፣ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ የቆጠሩት እንዲህ ባለ ቱቦና ሽቦ ነው። ዛሬ ጄኔቫ አጠገብ ሰርን በሚባል የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ያለው አሊስ የተባለ ሙከራ የጋዝ በርሜሉ ርዝመቱም የጎኑ ስፋቱም 5 ሜትር ያህል ነው። የእነሱ ቤት ያህላል፣ የኛ ክንድ ታህላለች፤ ጣጣው ግን አንድ ነው፦ ኦክስጅን። ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ሽቦው ጋ ሳይደርስ ከመንገድ ይይዘዋል፣ ምቱም ይደክማል። እርስዎን የሚገርምዎ ደግሞ ይህ ነው፤ የውስጡ ግፊት ከውጭው በልጦ እንኳ በምታፈስ ቀዳዳ የውጭ አየር ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል። ጎማ ላይ ይህ አያሳስብም፤ እኛ ጋ ሥራውን ያበላሸዋል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቱቦው አፈሰሰብኝ። ማታ ነፍቼ ዘግቼው እሄዳለሁ፣ ጠዋት ግፊቱ ወርዶ አገኘዋለሁ። እርስዎ ምራቅዎን በጣትዎ ቫልቮላው ላይ አድርገው ትንሿን አረፋ እንደሚጠብቁት፣ እኔም የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባሁ መገጣጠሚያውን ሁሉ አየሁ። አንድም አረፋ የለም። መጀመሪያ ብርዱ ነው ያሳሳተኝ። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ ከ300 አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ያውቁታል። ጠዋት ጎማው ረገበብኝ ብሎ ለሚቆጣ ደንበኛ «ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ እንነጋገር» ይሉት የነበረው ትዝ አለኝና ቴርሞሜትር ቱቦው ላይ አሰርኩ። የብርዱን ቀንሼ ሳሰላው ግን አሁንም ያፈሳል።

ያን ለት ማታ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ፣ ጎሚስታ ቤትዎ የነበረበት ጋ ስደርስ ቆምኩ። ዛሬ የእግረኛ መንገድ ነው። እርስዎ ከመነዳሪውን ከለጠፉ በኋላ ወዲያው አይመልሱትም ነበር፤ ጣትዎን ጎማው ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን ይዳብሱ ነበር፣ እሾሁን ሳያገኙ አይለቁትም። በማግስቱ የቱቦውን ክዳን ፈትቼ የላስቲክ ቀለበቱን በጣቴ ዙሪያውን ዳበስኩት። ፀጉር ነበር። የራሴ ፀጉር፣ አንዲት ዘለላ፣ ቀለበቱን አቋርጣ ተኝታለች። ስገጥመው አለመሸፈኔ የኔው ጥፋት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሻሽ ሳላስር አልነካውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ሽቦ በጥሻለሁ። ባሕር ጠረፍ ላይ የተሠራ ሙከራ የተጠቀመበትን ቮልት እንዳለ ሰጠሁት፣ ብልጭ አለና ተበጠሰ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ የአየሩ ግፊት የጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝም እንደዚያው ስስ ስለሆነ ኤሌክትሮኑ ሳይጋጭ ረዘም ያለ መንገድ ይሮጣል፣ በአነስተኛ ቮልት ይበቃዋል። እዚህ ከድነን የያዝነው ባዶ ሃይላንድ ሶደሬ ስንደርስ ተጨራምቶ ያገኘነው ጊዜ «አየሩ ወፍሮ ነው» ብለውኝ ነበር። ያኔ የነገሩኝን ሳላስብበት ሽቦውን በጠስኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ማታ 2 ሰዓት ሆኗል። ቱቦውን ነፍቼ፣ ግፊቱንና ሙቀቱን ደብተር ላይ ጽፌ፣ ቫልቮላውን ዘግቼ ወጥቻለሁ። የጠዋቱን ቁጥር ለእትዬ በመልእክት እልክላታለሁ።

ለጥምቀት ሲመጡ ቤተ ሙከራው እወስድዎታለሁ፤ ምድር ላይ ነው፣ ጉልበትዎን የሚጎዳ ደረጃ የለውም። የጨረር ምንጩን አርቀን እንኳ ቱቦው መቁጠሩን አይተውም፤ ከሰማይ የሚወርዱ ቅንጣቶች አሉ፣ ሄስ የሚባል ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በፊኛ ወጥቶ ያገኛቸው፤ ከፍ ባለ አገር ደግሞ ይበዛሉ። ምቱ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በትንሽ ቀይ መብራትም ስለሚታይ ጆሮዎ አያሳስብዎ። እጅዎን ከቱቦው በላይ ይዘረጋሉ፤ መብራቷ ብልጭ ካለችባቸው አንዳንዶቹ መዳፍዎን አልፈው የመጡ ናቸው።

ልጅዎ