መዝገቡን ላኪልኝ ስላልሽኝ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ወንድሜ ሁልጊዜ ድምፁን ለቅቆ ስለሚያስወራን ነው፤ ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ ይሰማናል። ይህን የያዘችልሽ ልጅ በርበሬና በሶም ይዛለች። በርበሬው ጨው አልገባበትም። ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ፤ አትከራከሪኝ።

ሚሚ ዘንድሮ የስድስተኛ ክፍል ፈተና አለባት። ሒሳብ አይከብዳትም፤ የምትስተው ስለምትቸኩል ነው። ባቢ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል። መዝሙር 23ን በቃሉ ይዞልሽ ነበር፤ ስልኩ ሲሰጠው አፍሮ ዝም አለ። በሚቀጥለው አንቺ ጀምሪለት።

የእርዳታ ተቀባዮቹን መዝገብ ላኪልኝ ያልሽውን አልረሳሁም። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ አንቺ ስትመሪው የነበረው የቤተ ክርስቲያኑ የእርዳታ ሥራ ምን ላይ እንዳለ ልንገርሽ።

በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ከምንረዳቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ገብተዋል። ቤቱን አያማርሩም፤ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ሽንት ቤቱ የራስ ነው። የጠፋው እንጀራቸው ነው። ለሆቴል እንጀራ የምታስረክበውም፣ በሰው ቤት ልብስ የምታጥበውም ደንበኞቿን ይዛ አልሄደችም። አንቺ እንዳስለመድሻቸው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግቢ ድረስ ይምጡ ብንል፣ 10 ኪሎ ዱቄትና ዘይት ይዛ ታክሲ ስትቀያይር ለከረጢቱም የሰው ሒሳብ ትከፍላለች። የተረፋት ምንድን ነው? ስለዚህ ለሩቆቹ እህሉን ከዚህ አንጭንም። እዚያው ካለ ወፍጮ ቤት እንገዛለን፣ ገንዘቡን በቴሌብር ለነጋዴው እንልካለን፣ ከእነሱ መካከል የተመረጡ ሁለት ሴቶች ቆመው ያስመዝናሉ።

ከእህሉ በላይ ያስቸገረን መሸኛ ነው። በጥድፊያ ሲነሡ ከወረዳው መሸኛ ያላወጡ አሉ። መሸኛ ከሌለ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጥም፤ መታወቂያ ከሌለ የጤና መድኑ ላይ የመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው አይመዘገቡም፤ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት ድጋፍም እንደዚያው። የመድኑ ምዝገባ ደግሞ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ነው፤ ካመለጠ እስከሚቀጥለው መጠበቅ ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ከአንድ ጆንያ ዱቄት ይበልጣል። ስለዚህ የቤት ጉብኝት ቅጹን ቀይረነዋል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «መሸኛ አላችሁ ወይ?» ሆኗል። ሁለተኛው የልጆቹ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ነው።

የጉብኝቱ ሌላው ሥርዓት ያንቺው ነው። ሁለት ሆኖ መሄድ፣ አንዷ ሴት መሆን፣ በምሳ ሰዓት አለመግባት፣ ፎቶ አለማንሣት። «ቸግሯችኋል?» ብሎ አለመጠየቅ፤ «ትናንት ስንት ጊዜ በላችሁ? ልጆቹ ጠዋት ምን ቀምሰው ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ። ዱቄት ለመውሰድ ስብከት ይቀመጡ የሚሉትን ሽማግሌዎች ስትቃወሚ የምትጠቅሽውንም አልተውኩትም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለውጭ ረጂዎች በጻፈችው ደብዳቤ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ነፍስና ሥጋን አትነጣጥሉብን ነበር ያለችው፤ ያ ማለት ግን እህሉን የስብከት መግቢያ ትኬት ማድረግ አይደለም ትይ ነበር። ሙስሊሟም፣ ኦርቶዶክሷም ከረጢቷን ይዛ ትሄዳለች፤ ጸሎት የምንጸልየው ሲጠይቁን ነው። ይህን ከአንቺ ነው የተማርኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኩል መስጠትሽ ላይ ግን ሁልጊዜም አልስማማም። ብቻዋን የምትኖር ባልቴትና ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት እኩል 10 ኪሎ ሲያገኙ፣ ባልቴቷ ትርፉን ለሱቅ በርካሽ ትሸጣለች፣ ሰባቱ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ ይጨርሳሉ። አሁን እስከ ሁለት ሰው 5 ኪሎ፣ ከሦስት እስከ አምስት 10፣ ከዚያ በላይ 15 ኪሎ ነው። ሽሮውም በዚያው ልክ ነው። ለባልቴቷ ከዱቄት የቀነስነውን በከሰልና በሳሙና እንተካላታለን።

በጣሳ መስፈርም ቀርቷል። አትቆጪ፤ ምክንያቱን ስሚ። 50 ኪሎ ጆንያ ለአምስት ቤት ይበቃል ተብሎ ሲከፈት፣ ሰፋሪዋ ለመጀመሪያዎቹ ቁልል አድርጋ ትሰፍራለች፣ መሬት የሚፈስም አለ፣ አምስተኛው ይጎድልበታል። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ እግሩን የሚያመው ወይም ሕፃን ያዘለችው ነው። ስለዚህ ዋዜማውን፣ ዓርብ ማታ፣ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝነን፣ ቋጥረን፣ ቁጥር ጽፈንበት እናድራለን። 20 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን በሃይላንድ መቅዳትም ትተናል፤ ክረምት ላይ ስለሚረጋ ማሞቅ ያስፈልጋል፣ የሚንጠባጠበውም ብዙ ነው። የታሸገውን ባለ 3 ሊትር እንገዛለን፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ክርክሩን ያስቀራል። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያው በጣውላ ርብራብ ላይ ነው፣ ከግድግዳውም ክንድ ያህል ርቆ፤ እርጥበቱ ከግድግዳ ነበር የሚገባው። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ አናከማችም፤ ነቀዝ የገባበትን ነፍተን አንሰጥም።

የሴቶቹ ቡድን በሕይወት አለ። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆቹ 2002 ናዝሬት ላይ በአምስት ቡድን የጀመረችው የራስ አገዝ መንገድ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሴት፣ በየሳምንቱ ትንሽ ቁጠባ፣ ሰብሳቢነቱ በየተራ። ካዛንቺስ የነበሩት ሁለቱ ቡድኖች ሰው ሲበተንባቸው ፈርሰዋል፤ ገላን ጉራ ላይ አዲስ አቋቁመዋል። እኛ ገንዘብ አልጨመርንላቸውም። ይህን ስትሰሚ ይከፋሻል፣ አውቃለሁ። ግን ገና ሳይቆጥቡ ከውጭ ብር የገባበት ቡድን ብድሩን «የቤተ ክርስቲያን ነው» እያለ አይመልስም፤ የራሷን ሳንቲም ያበደረች ሴት ግን የጎረቤቷን በር ታንኳኳለች።

ወጣቶቹ ከባድ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለፈው ሰው በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ 12ኛን ብቻ ማስጠናት ውኃ በወንፊት ነው። ወደ ታች ወርደናል። ልጁ ሲመጣ ክፍሉን አንጠይቀውም፤ የአንድ ገጽ ንባብ እንሰጠዋለን። ሰባተኛ ደርሶ አንቀጽ አንብቦ ምን እንዳለ መናገር የሚያቅተው አለ፤ እሱን ፊዚክስ ማስጠናት ማሰቃየት ነው። ቡድኑ በንባብ ደረጃ ይከፈላል፣ ሻይና ዳቦው ከጥናቱ በፊት ይሰጣል፣ ማንም ልጅ ከአንድ አስተማሪ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም። ይህን የመጨረሻውን አንዳንድ አገልጋይ እንደ ስድብ ቆጥሮታል። ይቁጠረው።

ለሥራ ሥልጠናም ሁሉንም ፀጉር ሥራ መላክ ቆሟል። በአንድ ሰፈር ስንት ፀጉር ቤት ይቆማል? ልጁ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ይውላል፤ ከቆየ ነው የሚላከው። ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲያልፍ መሣሪያውን አብረነው ሄደን እንገዛለን፤ በእጁ ብር አንሰጥም። ብር ከሰጠነው የእናቱ ዱቤ ይቀድማል፤ እሱም አይፈረድበትም።

ደረሰኝ ነገር። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» እያልሽ ደረሰኝ አልቆርጥም ትይ ነበር። ጌታ ያንን የተናገረው መለከት እያስነፉ ለሚመጸውቱት ነው እንጂ የሌላ ሰው ብር በአደራ ለያዘ አይደለም። አሁን ገንዘብ ያዡና ቁልፍ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በየወሩ መጨረሻ ሦስተኛ ሰው ጆንያውን ይቆጥራል።

አንድ ሌላ ሕግም አውጥተናል። የአገልጋይ ቤትም ይጎበኛል፤ ከቸገረው ስሙ ይገባል፣ የሚወስንለት ግን ሌላ ሰው ነው። ለምን እንደወጣ ታውቂያለሽ። አባባ የተኛ ዓመት ኮሚቴው ለእኛ ቤት ሲወስን «የአገልጋይ ልጅ ከድሆች አፍ አይቀማም» ብለሽ የመለስሽው እኔ ውጭ ሆኜ እየሰማሁ ነበር። ያን ዓመት ሱቁ ዱቤ ሲከለክለን የተላክሁት እኔ ነበርኩ። አንቺ ሌላ ቤት ሄደሽ ልጆቹ ምን ቀምሰው እንደ ሄዱ እየጠየቅሽ ነበር። እኛን ማን ጠየቀን? «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚለውን የያዕቆብን ቃል በሰው ሁሉ ላይ ታነቢ ነበር፤ በእኛ ላይ ሲደርስ ገጹ አልተገለጠም። ክብርሽን ልትጠብቂ እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። ግን ሲገባኝ ንዴቱ አይለቀኝም። አባባም ቢሆን ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው ያዞረው። ብዙ ጊዜ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ አሁን አልኩት፤ መልሱንም ባትመልሺልኝ ይሻላል።

አሁን መዝገቡ።

አልልክልሽም፣ እማዬ። ካርድ ላይ እያሰፈርነው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ካርድ። ስንገለብጥ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ባልቴት በሦስት ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ አሉ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያንቺው ነው። የሞቱ ሰው ከፋሲካ በኋላ ዘይት ወስደዋል ይላል። ከመስከረም ወዲህ ጨርሶ ያልተጻፉ ቤቶች አሉ፤ ሄደን ስናይ ዝም ብለው ሲጠብቁሽ ከርመዋል፣ «እትዬ ረሱን» አላሉም። አንቺን በመስረቅ የሚጠረጥር ሰው የለም፤ የሚያወራ ካለም መልሱ እኔ ጋ ነው። ግን ከቁጥር ስህተት በላይ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ አስባለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች ስትደልዢ ወረቀቱ ተቀድዷል።

ወንድሜ ሐኪሙ ለመርሳት ምርመራ ሰዓት ሣይ ብሎሽ እንደነበር ነግሮኛል። ሲያስተረጉም በእኛ አቆጣጠር ለውጦ ነግሮሽ እንደሆነ፣ አስራ አንድ ከአስርን አምስት ከአስር ብሎሽ እንደሆነ፣ ለሐኪሙ ይንገረው፤ ውጤቱ ይዛባል። ሁለተኛ ጊዜ ሲወስድሽ በሙያው አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ ልጅ ለእናቱ ማስተርጎም የለበትም። ታይሮይድሽንና የቢ12 ምርመራውንም አሠርተዋል ወይ? እነዚህ ሲያንሱ የሚመጣ መርሳት በመድኃኒት ሊመለስ ይችላል ይላሉ። መጀመሪያ ያ ይታይ። ሌላው ከሆነም ሌላው ነው፣ እንነጋገራለን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንቺ ራስሽ ነሽ ያስጠናሽን። በዕለታዊው እደላ መበለቶች ተዘለሉ፣ ማጉረምረም ተነሣ፤ ሐዋርያት እደላውን ለሰባት ሰዎች ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሐዋርያትነታቸው አልቀረም። እኛም ሰባት ሰው መርጠናል። አራቱ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ራሷ ከአንቺ እጅ ዱቄት ስትወስድ ያደገች ናት። የአንቺን ስም ከሰባቱ ውስጥ አላስገባሁም። የእኔንም አላስገባሁም።

ከአንቺ የምንፈልገው መዝገቡ ላይ ያልተጻፈውን ነው። በር ዘግተው የሚቸገሩት፣ ድሮ ደህና የነበሩት፣ በማታ በኋላ በር የምትልኪላቸው ቤቶች፣ አንድም ቦታ አልሰፈሩም። ሰፈሩን፣ የበሩን ቀለም፣ ማን ቢሄድላቸው እንደማያፍሩ፣ በቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ሳይደክምሽ ተናገሪ፤ ቅደም ተከተል አያስፈልገውም። የቆየውን አንቺ ከሁላችንም በተሻለ ታስታውሻለሽ።

የብረት ቁም ሳጥኑን ቁልፍም ለወንድሜ ስጪው። የሕፃናቱ የልደት ምስክር ወረቀትና የሁለት ልጆች መሸኛ እዚያ ውስጥ እንዳለ እናቶቻቸው ነግረውኛል፤ ትምህርት ቤቱ ኦርጅናሉን ነው የሚፈልገው። በቦርሳሽ የጎን ኪስ፣ ከአባባ መነጽር ጋር መሆን አለበት። ይህችው ልጅ ከወር በኋላ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ይላክ፤ በፖስታ አትላኪው።

ልጅሽ