ከጤና ጣቢያ እስከ እድር መሐል ሰው ይቁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታትና ድካም እየያዘው ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ሰው ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ማስታገሻ ተሰጥቶት ይሸኛል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ሆነ ድባቴ ተፈልጎ ካልተገኘና መነሻው ሐዘን፣ ሥራ ማጣት ወይም ብቸኝነት ከሆነ ግን መፍትሔው ያለው ሰፈሩ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ታካሚን ከሰፈሩ ማኅበራት ጋር የማገናኘትን አሠራር «ማኅበራዊ ማዘዣ» ብላ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ የረጅም ጊዜ ዕቅድ አካትታዋለች።

ሐኪሙ ታካሚውን የሚልከው ከማኅበራቱ ጋር ወደምታገናኘው «አገናኝ ሠራተኛ» ነው። እርሷ «ምንህን አመመህ?» ብላ አትጀምርም፤ «ለአንተ ዋናው ነገር ምንድን ነው?» ትለዋለች። በሦስት ወር ውስጥ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይገናኛሉ። በዓመት የምትይዘው ሰው ከ250 እንዳይበልጥ ይመከራል። ነገሩ የሚከሽፈው በአብዛኛው ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ሲሰጥ ነው፤ ከሰው የሸሸ ሰው የማያውቀው ስብስብ ውስጥ ብቻውን አይገባም። የመጀመሪያ ቀን አብራው መሄድ አለባት። ሌላው ስብራት ገንዘብ ነው፦ ለአገናኟ ደመወዝ ይመደባል፣ ሰው ለሚጎርፍባቸው ማኅበራት ግን ምንም አይደርስም።

እኛ ዘንድ እድር፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር፣ የሰፈር የጠዋት ስፖርት አለ። በኤችአይቪ ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ደግፈዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ረድተዋል። ሆኖም እድር መግቢያና ወርኃዊ መዋጮ አለው። ከሁሉ ይልቅ ብቸኛ የሚሆነው ደግሞ አዲስ መጤው፣ በየጊዜው ቤት የሚቀይረው ተከራይ፣ መዋጮ አቋርጦ የተሰረዘው ነው። ስለ መግቢያው ከእድር ዳኞች ጋር አስቀድሞ ሳይስማሙ እንዲህ ያለውን ሰው መላክ ለኀፍረት መዳረግ ነው።

ሥራውን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ላይ መደረብን አልደግፍም፤ ክትባቱ፣ የእናቶች ክትትሉ፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱ ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ የተጀመረውን «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» እንመልከት። የሠለጠኑ አዛውንት እናቶች ክሊኒክ ግቢ ተቀምጠው 14 ጥያቄዎች ይጠይቃሉ፤ እስከ 6 ጊዜ እየተገናኙ ችግሩን አብረው ይፈትሻሉ፤ ከዚያም የእጅ ሥራ ከሚሠራ ቡድን ጋር ያስተዋውቃሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ባለሙያ ያልፋል። በ24 ክሊኒኮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች ከተለመደው እንክብካቤ በላቀ ሁኔታ መቀነሳቸውን አሳይቷል።

አንድ ጤና ጣቢያ በአንዲት ደመወዝተኛ አገናኝ ይጀምር። መዝገቧ የየማኅበሩን የመሰብሰቢያ ቀንና ሰዓት፣ መዋጮውን፣ እንግዳ የሚቀበለውን ሰው፣ የቦታው መወጣጫ ደረጃ ለአቅመ ደካማ የሚመች እንደሆነ ጭምር ይያዝ፤ በየሦስት ወሩም እየተደወለ ይታደስ። የተላከው ሰው መሄዱና አለመሄዱ ለላከው ነርስ ይነገረው። መልስ የማይመጣለት ነርስ ብዙም ሳይቆይ መላኩን ይተዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማኅበረሰብ ጤና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ