ጤና አዳም በጎረቤቴ በረንዳ

ውድ ሰናይት፣

እንዴት ነሽልኝ? እማማ ብርቄስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከረምኩ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ጤና አዳም ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከጓቲማላ ደጋ የመጣች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማያዎች ወገን የሆነች ጎረቤት አለችኝ። ከልጆቿ ጋር የምታወራው ማም በሚባለው የማያ ቋንቋ ነው። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ስወጣ የእናንተ ጓሮ ሸተተኝ፤ ቀጥ አልኩ። በባዶ የቀለም ቆርቆሮ የተከለችው ጤና አዳም ነበር! ቀንጠስ አድርጋ በጣቷ አሽታ ሰጠችኝ። እነሱ ሩዳ ይሉታል። እኛ ቡና ላይ ጣል የምናደርገውን እነሱ ዓይን ያረፈበትን ሕፃን ያብሱበታል። ለካ ቡዳ እዚያም አለ። ተክሉን ያመጡላቸው ስፔኖች ናቸው፤ እነሱ ግን የራሳቸው አደረጉት።

አያቷ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ስንቱን ተማርሽ ስላት ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። አምስት ቅጠል ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማያ መድኃኒት የማላነበው የለም። በጓቲማላ ጎረቤት አገር በቤሊዝ፣ ሳን አንቶኒዮ በምትባል መንደር፣ ዶን ኤሊሂዮ ፓንቲ የሚባሉ ታላቅ አዋቂ ነበሩ። ሳይጸልዩ ቅጠል አይቆርጡም። ሲያረጁ ከመንደሩ ልጆች የሚማር አጥተው፣ ሮዚታ አርቪጎ የተባለች አሜሪካዊት ሙያውን ተቀበለቻቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ኖረው በፈረንጆቹ 1996 ዐረፉ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው አገር 6000 ኤከር ያህል ጫካ ለመድኃኒት ተክሎች ተከልሏል። ደን ሊመነጠር ሲል ችግኙን ቀድመው ነቅለው ወደዚያ ያዛውሩ ነበር። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። ግን ሰናይት፣ ጫካው ተርፎ የቱ ቅጠል ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ካለቀ ምን ዋጋ አለው?

ዕውቀቱን ዝም ብሎ መሰብሰብም ጣጣ አለው። በሜክሲኮዋ ቺያፓስ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1998 የማያን መድኃኒት ተክሎች መመዝገብ ጀመሩ። አዋቂዎቹ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው፣ ጥቅሙስ የማን ነው ብለው ተነሡ፤ ሥራው በ2001 ቆመ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ አደራሽን፣ እማማ ብርቄን ቡና እየጠጣችሁ ጠይቂያቸው። ያን ለሆድ ቁርጠት ያጠጡኝን መራራ ነገር ስሙን እንኳ አልነገሩኝም። ቅጠሉንም፣ ወቅቱንም፣ መጠኑንም ጻፊው። ደብተሩን ለእኔ አትላኪ። ከፈቀዱ ለልጆችሽ እዚያው ቤት ይቀመጥ።

እሁድ እደውላለሁ። እሳቸውንም አቅርቢልኝ።

ያንቺው ሂሩት