በሰውነት ውስጥ ስለሚሟሟው የአጥንት ብሎን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያና በአካባቢው ለምትገኙ ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

በቅርቡ አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ወደ ሱቃችን መጡ። የልጃቸውን የሐኪም ማዘዣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ጉልበቱ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀር ነገር ግዙ አሉን። ሟሙቶ የት ይሄዳል? ደሙ ውስጥ አይገባም ወይ?» አሉን። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ቁጭ ብለን አወራን። ይህንኑ ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁን መልሱን ለሁላችሁም ለመጻፍ ወሰንን።

ዕቃው አጥንት ወይም ጅማት አጥብቆ የሚይዝ ብሎን ነው። ነጭ ነው፤ ጠመኔ ይመስላል። የትንሽ ጣት የመጨረሻዋን አንጓ ያህላል። ሁለት ነገር ተደባልቆ ነው የሚሠራው። አንዱ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሌላው ሃይድሮክሲአፓታይት ወይም ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባል የካልሲየም ዱቄት ነው። ዱቄቱ ለሰውነት ባዕድ አይደለም። ከአጥንታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የዚሁ ዘመድ የሆነ ማዕድን ነው።

እና ሟሙቶ የት ይሄዳል? ፕላስቲኩ ረጅም ሰንሰለት ነው። የሰውነት ውሃ ቀስ እያለ ይቆራርጠዋል። መጨረሻው ላክቲክ አሲድ ነው፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ ጡንቻችንም ሲለፋ የሚያመርተው ያው አሲድ። አዎ፣ ደም ውስጥ ይገባል። ሰውነት ግን ያውቀዋል። እንደ ምግብ አቃጥሎ በትንፋሽና በውሃ መልክ ያስወጣዋል።

ዱቄቱ የተጨመረው ለጥንካሬ ብቻ አይደለም። ወፈር ያለ ብሎን ሲፈርስ አሲዱ ቶሎ መውጫ አያገኝም፤ መሃሉ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ውስጡ ከላዩ ቀድሞ ይበሰብሳል። የካልሲየም ዱቄቱ ያን አሲድ ያበርዳል፣ ልክ ቃር የያዘው ሰው እንደሚውጠው ኪኒን። አዲስ አጥንትም እሱን ይዞ ያድጋል። የተደባለቀውን ከንጹሑ ፕላስቲክ የምንመርጠው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጉዳት የለውም ወይ? ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ከሚባል ቶሎ ከሚፈርስ ቁስ የተሠሩ ዘንጎች ለቁርጭምጭሚት ስብራት ገብተው ነበር። አጥንቱ ገጠመ። አንዳንዶቹ ሕመምተኞች ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ቁስሉ አብጦ ፈሳሽ ወጣው። ጀርም አልነበረበትም። ቁሱ ሰውነት ጠርጎ ከሚጨርሰው በላይ ፈጥኖ ስለፈረሰ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በጣም ቀስ ብሎ ከሚፈርስ ፖሊላክቲክ አሲድ የተሠሩ ፕሌቶች (የተሰበረ አጥንት የሚያያይዙ ዝርግ ቁራጮች) ጉንጭ አጥንት ላይ ታስረው፣ ከ3 ዓመት በላይ ቆይቶ ፊታቸው ያበጠ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ፋብሪካዎች ድብልቁን የሚያስተካክሉት ከእነዚህ ሰዎች ሕመም ተምረው ነው። እኛም ስንመርጥ አንረሳቸውም።

ስለዚህ አቅራቢ ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀቱን እናያለን። ከሰውነት ጋር መስማማቱን የሚመረምረው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 10993 ይባላል። ከምርመራዎቹ አንዱ ቁሱን በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ፈሳሹ ሕያው ሴሎች ላይ ይደረጋል። በሕይወት የቀሩት ከ70 በመቶ በታች ከሆኑ ቁሱ መርዛማ ተብሎ ይወድቃል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃንም። ሁለት ዓመት የሚቆይ ብሎን በሦስት ወር የእንስሳት ሙከራ ብቻ አለፈ ሲሉን አንቀበልም። ችግሩ የሚመጣው ሲፈርስ ነዋ! አንዳንዱ አቅራቢ አይኤስኦ 13485 ብቻ ያሳየናል። እሱ ስለ ፋብሪካው አሠራር ነው የሚናገረው፤ ስለ ብሎኑ አይደለም። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ የሌለውን ጨርሶ አናስገባም።

ሌላው ጥያቄ «ከምን እንስሳ ነው?» የሚል ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቀናል፣ ደግ ያደርጋል። ፕላስቲኩ በአብዛኛው የሚመጣው ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው። ዱቄቱ ግን ፋብሪካ ውስጥ የተሠራም ከከብት አጥንት የወጣም ሊሆን ይችላል። ኮላጅን የሚባል የእንስሳ ፕሮቲን ያለባቸው የአጥንት መሙያዎች ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን፤ የእያንዳንዱን ምንጭ ከወረቀቱ አንብበን እንነግራችኋለን።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ሣጥን ከአዲስ አበባ በመኪና አስመጣን። ሸዋ ሮቢት ላይ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ሣጥኑ ዳሽቦርድ ላይ ነበር። ደሴ ሲደርስ ካርቶኑ ገና ይፋጃል። ይህ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። አንዳንድ የፊት ፕሌቶችን ሐኪሞች ሆን ብለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ያጎብጧቸዋል። የኛ ብሎኖች ሲታዩ ምንም አልሆኑም ነበር። ሆኖም ሙሉውን ሣጥን አስወገድን። ከዚያ ወዲህ በበረዶ ሣጥን ከቴርሞሜትር ጋር ብቻ ነው የምናስመጣው።

እናንተም አደራ። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የብር ቀለም ያለው ከረጢቱ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ እስኪከፈት ድረስ አይቀደድ፤ እርጥበት ከገባው መፍረስ የሚጀምረው እዚያው ነው። ክሊኒኮች ደግሞ፣ እባካችሁ ኦቶክሌቭ ውስጥ አታስገቡት። የ121 ዲግሪ እንፋሎት ብረት ያጸዳል፣ ይህን ግን ያበላሸዋል።

ለጭን ወይም ለቅልጥም አጥንት ትልቅ ስብራት ይህን ብሎን የሚጠይቀን ሰው አለ። ለዚያ አንሸጥም። ብረቱን ለማስወጣት ዳግም ቀዶ ሕክምና አለመኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እናውቃለን። ግን የሰውን ሙሉ ክብደት አይችልም። ለጉልበት ጅማት፣ ለትንንሽ ስብራት፣ ለፊትና ለመንጋጋ ነው የሚሆነው።

ሣጥኑ ላይ የምርት ቁጥር ያለበት ተለጣፊ አለ። አንዱን የሕመምተኛው ካርድ ላይ አስለጥፉ፣ አንዱን ቤት አስቀምጡ። ቦታው ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢሆን ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ተለጣፊውንም አሳዩት። ወጌሻ እንዳያሸው።

ፀሐይ ያገኘው ወይም ከረጢቱ የተነካ ዕቃ እጃችሁ ላይ ካለ አምጡልን። ጥፋቱ የማን ነው ብለን አንጠይቅም። ካለን እንቀይርላችኋለን፣ ከሌለን ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች፣ ደሴ