ኪሎው አልጨምር ያለ ልጅ ካለ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያስል ጠይቁልን

ይድረስ ለጅማ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት

ጥያቄዬ አንድ ነው። በከፋ የምግብ እጥረት ተጎድቶ ለሕክምና የሚመዘገብ ሕፃን ሁሉ በዚያው ዕለት ለቲቢም ይታይ።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ላንሳ። ክንዱ በመለኪያ ጥብጣብ ሲለካ በከፋ ሁኔታ መጎዳቱን የሚያሳየው ቀዩ ላይ አረፈ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ፕላምፒ ነት የሚባለው፣ በከረጢት የታሸገ የሕክምና ምግብ ተሰጠው። እናቱ የከረጢቷን ጫፍ ቀድዳ እየጨመቀች ታበላዋለች። በየሳምንቱ ይመዘናል፤ ኪሎው ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ «ለሌሎቹ ልጆች እያካፈልሽ ነው አይደል?» ተባለች። አልቅሳ ነው የተመለሰችው። አንዲቷ ክፍላቸው ውስጥ አያትየው ለወራት ሲያስሉ ያድሩ ነበር። ቤተሰቡ «ብርድ መቷቸው ነው» ይል ነበር። ማን እንደሚያስል የጠየቃት ባለሙያ ግን አልነበረም። በኋላ አያትም ልጅም ቲቢ ተገኘባቸው።

ምግብ ያጣ ሰውነት ቲቢን መቋቋም ያቅተዋል፤ ቲቢው ደግሞ ልጁን መልሶ ያከሳዋል። በጣም የተጎዳ ሕፃን ትኩሳት እንኳ ላያሳይ ይችላል። የቆዳ ምርመራውም ቲቢ እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ትንሽ ልጅ አክታ ትፋ ቢሉት አይተፋም፤ ይውጠዋል። የዋጠው ግን በሰገራው ይወጣል። ስለዚህ ጥቂት ሰገራ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ማየት ይቻላል፤ ማሽኑ ውጤቱን የሚያወጣው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ልጁን በአፍንጫው ቱቦ እየሰደዱ ማሰቃየት የግድ አይደለም። ማሽኑ በሁሉም ጤና ጣቢያ እንደሌለ ይገባኛል። ናሙናው ይጓዝ እንጂ እናት የታመመ ልጅ ታቅፋ ከዴዶ ጅማ መመላለስ የለባትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰገራው ላይ ስላልተገኘ ብቻ «ቲቢ የለበትም» ተብሎ አይሸኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ ላቦራቶሪ ባያረጋግጠውም ሐኪሙ ምልክቱንና ከታማሚ ጋር መኖሩን አይቶ ሕክምና ማስጀመር እንደሚችል ይገልጻል። እንዲህ የተጎዳ ልጅ ምልክት እያለው ጠብቀን እንየው የሚባል አይደለም። ለልጆች ተብሎ የተሠራ፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒንም አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ብዙ ሥራ እንዳለባቸው አውቃለሁ። ክንድ ሲለኩ ግን «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ቲቢ የታከመ አለ?» ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። መመዝገቢያው ላይ ቦታ ይሰጠውና ይጻፍ። ኪሎ ያልጨመረ ልጅ እናትም ከመወቀሷ በፊት ልጇ ይመርመርላት።

የሰገራ ናሙና የሚቀበሉት የትኞቹ ጤና ጣቢያዎች እንደሆኑ፣ የሌሎቹስ ናሙና በምን እንደሚመላለስ ለሕዝብ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ