ይድረስ ለሶማሌ ተራዋ እህቴ

ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ አንቺም እኩል ስለጠፋሽ ግን ተቻችለን እንለፈው። «ችግር ሲገጥማት ብቻ ነው የምታስታውሰኝ» ማለትሽ አይቀርም፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ቤት ከፍታ የተቀመጠች እህት እያለችኝ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ጉዳዩ የአባባ ላንድክሩዘር ነው። ያ ሁላችንንም ከነጆንያችን ተሸክሞ ጅሬን ድረስ ያወጣን መኪና የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩ አልቋል፤ የቡናው ወቅት ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። ከሰርቦ እስከ አሰንዳቦ ባለው መንገድ የሙቀት መለኪያው ንቅንቅ አይልም፤ ግልገል ግቤን ተሻግሮ በጭነት ወደ ሶኮሩ መውጣት ሲጀምር ግን ቀስቱ ሽቅብ ይሄድና እኔም ከቀስቱ ጋር አብሬ እሞቃለሁ። አንድ ተሳፋሪ እንቁላል አፍርጬ እንድጨምርበት መክሮኝ ነበር፤ እንቁላሉ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ሲደፍን ጤነኛውንም ቱቦ አብሮ እንደሚደፍን ላስረዳው ብሞክር «ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች» በሚል ዓይን አየኝ። አንቺ ይህን ዓይን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ወደ ራዲያተሩ ከመድረሴ በፊት ሌላው ሁሉ ተፈትሿል። ውሃው ሲሞቅ መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት አውጥተን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስንከተው በወጉ ይከፈታል፤ የቬንትሌተሩ (የማራገቢያው) ክላች ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ በእጅ ሲዞር ይይዛል፤ በራዲያተሩ አፍ በኩል አረፋ ስለማይወጣም የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን አልጠረጠርነውም። ከዚያ ሞተሩን አሙቀን ካጠፋን በኋላ መዳፌን በራዲያተሩ ላሜራ (ነፋስ በሚያልፍባቸው ስስ ቆርቆሮዎች) ላይ ሳሳልፈው፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ቀዝቃዛ መስመሮች አገኘሁ፤ ትኩስ ውሃ የማያልፍባቸው ቱቦዎች ናቸው ማለት ነው። ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ክዳኑን ስከፍተው የቱቦዎቹ አፍ ላይ ነጣ ያለ ቅርፊት ተጋግሮ አየሁ፤ ጣቴን ባስገባው ቡናማ ዝገት ይዞ ወጣ። ለዘመናት ኩላንት ሳይሆን የወንዝ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ዕቃ ነውና አያስገርምም። የባሰው ደግሞ እያንዳንዱ ጠጋኝ የሚያፈሰውን ቱቦ ቆንጥጦ በስታኞ በይዶ ሲዘጋው መኖሩ ነው፤ ማፍሰሱ ይቆማል፣ ነገር ግን በተዘጋው ቱቦ ልክ የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል፤ መኪናው ሜዳ ላይ ጤነኛ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መቀየሩ አይቀርም፤ ጥያቄው በምን የሚለው ነው። እዚህ ያሉት ሁሉ አሉሚኒየሙን፣ ከላይና ከታች የፕላስቲክ ታንክ ያለውን ይመክሩኛል፤ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፣ ሙቀት በማስወጣትም ቢሆን አይታማም። መዳብ ከአሉሚኒየም የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል የሚለው ክርክር ብቻውን እንደማያዋጣ አውቃለሁ፤ የአሉሚኒየሙ ቱቦ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ ጉድለቱን ያካክሳልና። እኔን የሚያስፈራኝ ፕላስቲኩ ነው። ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚያያዘው በመሐል ጎማ ገብቶለት ጠርዙ በመታጠፉ ብቻ ስለሆነ፣ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ደርቆ የተሰነጠቀ ዕለት ከቦንጋ ወዲያ ማን ይጠግንልኛል? የመዳቡንና የናሱን ግን ስታኞና እሳት ያለው ሁሉ ይበይደዋል። ለአዲስ አበባ አስፋልት ቢሆን አሉሚኒየሙን ያለ ክርክር እገዛ ነበር፤ ለዚህ አገር መንገድ ግን መዳቡን መርጫለሁ።

አሁን ዓይንሽን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ኤች ዜድ ጄ 75 ነው፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር። ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ስለሆነ ከታችኛው ታንክ የዘይት ማቀዝቀዣ መስመር የሚወጣበትን አትስጪኝ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን ታንኩን ሳይጨምር ለክቼ፣ የማኒኮቶዎቹን (የውሃ ጎማዎቹን) አፍ ስፋትና የቬንትሌተሩ መከለያ የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች ቦታ በሌላ ወረቀት ስዬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ባለ 4 ረድፍ ቱቦ ነው» ብለው ቢያሞግሱልሽ ወዲያው እንዳትቀበዪ፤ ረድፉ በዝቶ ላሜራው ከጠበቀ ነፋሱ አያልፍም፣ በእኛ አገር ደግሞ መፈልፈያው አጠገብ የሚበንነው የቡና ገለባ መጀመሪያ የሚወተፈው እዚያ ጥበት ውስጥ ነው። የቀድሞውን ውፍረት የጠበቀና ላሜራው ፈታ ያለ ይበቃኛል። ከመግዛትሽ በፊት አፎቹ ተደፍነው ውሃ ውስጥ ተነክሮ በአየር ይፈተሽልኝ።

ክዳኑንም አዲስ አድርጊልኝ፤ 0.9 የሚል የተጻፈበት ይሁን። ጅማ ከፍታዋ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከ110 ዲግሪ በላይ እንዲታገሥ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነውና፣ ላስቲኩ የደከመ ክዳን አዲሱንም ራዲያተር ያሳማዋል።

የሆነ ሆኖ የኦሪጅናሉ መዳብ ከጠፋ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ የእኛን የናስ ታንኮች አስቀርቶ ቱቦውንና ላሜራውን ብቻ በአዲስ የሚቀይር ጥሩ ባለሙያ ታውቂያለሽ? ታንኮቹ አንድም ስንጥቅ የላቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ የሚያደላውም ወደዚህ ነው፤ የአባባ እጅ የነካው ነገር ተጥሎ እንዲቀር አልፈልግም። ይህን የምለው ለአንቺ ብቻ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ብናገረው ይስቁብኛል።

ሂሳቡን በተመለከተ… እንዴት እንደምለው አላውቅም። ስለ ቤቱ ነገር ባለፈው የተነጋገርነውን ከዚህ ጋር እንዳታያይዢው፤ ያ ለብቻው ነው፣ በአካል ስንገናኝ እናነሳዋለን። የራዲያተሩን ለሌላ ደንበኛ በምትሸጪበት ዋጋ ቁረጪልኝና ገንዘቡን ወዲያው አስገባለሁ። ስትልኪው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሻንጣ ጋር እንዳይጫን፣ ላሜራው ይታጠፋል፤ በሁለት በኩል ጣውላ አስመትተሽ ወደ ጅማ ለሚመጣ የአይሱዙ ሹፌር ስጪውና ስልኩን ላኪልኝ፤ እዚሁ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ድረስ ራሴ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።

አክባሪሽ እህትሽ፣
ከጅማ