የዎርድፕረስ ትምህርት ለጀማሪዎች፦ ከየት እንጀምር?

ሰላም ለሁላችሁ፣

እሑድ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ እንጀምራለን። ድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ስለሚሰጥ የፈቃድ ክፍያ አያሳስባችሁ። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) መግዛቱም ይቆየን፤ መጀመሪያ ዛምፕን (ድረ ገጽን ያለ ኢንተርኔት ላፕቶፕ ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም) በየላፕቶፓችን ጭነን እንለማመዳለን፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ጀማሪ የሚደናገረው ፖስትና ፔጅ በሚባሉት ሁለት የጽሑፍ ዓይነቶች ላይ ነው። የመንዝ ባና ለሚሸጥ ማኅበር ድረ ገጽ ሠራን እንበል። «ስለ እኛ» የሚለው ፔጅ ነው፤ ካስቀመጡት አይነቃነቅም። «አዲስ ባና ገብቷል» የሚለው ግን ፖስት ነው፤ ቀን ይይዛል፣ ሌላ ሲጻፍ ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ለዚህ ብንሰጠው ባይ ነኝ። ለቴም (ለድረ ገጹ መልክ) ምርጫ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አለዚያ ቀለም ስናማርጥ ይመሻል።

ላፕቶፕ የሌላችሁ ቀድማችሁ አሳውቁኝ፣ ከሌላ ሰው ጋር አጣምራችኋለሁ። ጋቢ ያዙ፤ የአዳራሹን ብርድ ታውቁታላችሁ።